ስለ ደወላችን፣ ስለ ባለቤቴ ጎድንና ስለ ክቡርነትዎ የጉብኝት ካርድ

ለክቡር አቶ ሙናካታ፣ የሚዙካሚ ከተማ የጉብኝት ካርድ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤ ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰነበተ? ጎድንዎ ደህና ነው? ሲተነፍሱ አይወጋዎትም? ሲያስነጥስዎ ግድግዳ ይዘው አያቃስቱም? እሰይ፣ እንኳን ደህና ሆኑ። የእኔ ባለቤት ቶኩጂሮ ግን የጎድን አጥንቶቹ ተሰባብረው ደረቱን ታስሮ ተኝቷልና ሰላምታውን በእኔ በኩል ያቀርባል። ቃል በቃል እንዳልጽፈው አስተዳደጌ ከልክሎኛል።

ሂሳኖ እባላለሁ፤ ቤቴ ከቤተ መቅደሱ በር አጠገብ ነው። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ፀሐይ ስትጠልቅ የቤተ መቅደሱን ደወል የሚደውለው እሱ ነበር። በገመድ የተንጠለጠለውን ግንድ ወደ ኋላ ስቦ ይለቀዋል፣ ደወሉ ይጮኻል፣ ሰፈሩም እራቱን ይጥዳል። እርስዎን ግን ይህ ሰላማችን አላስተኛዎትም መሰለኝ፣ በአንድ ካርድ ስድስት ቦታ በአንድ ቀን የሚያስሮጥ፣ በየቦታው ማኅተም የሚያስመታ፣ ቀድሞ ለጨረሰ ፋኖስ የሚያሸልም ጉብኝት ፈጠሩልን። አምስተኛው ቦታ የእኛ ደወል ሆነ፤ ካርድ የያዘ ሁሉ አንዴ ይደውላል፣ ከጎኑ ካለው ጠረጴዛ ማኅተሙን ያስመታል፣ ይሮጣል። ስለዚህ ምስጋናዬን በተራ በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፣ ሰፈራችንን ስላነቃቁልን እናመሰግናለን። አንድ ባለ መነጽር ጨዋ ሰው፣ ወረፋዬን አለፈብኝ ያለውን ሌላ ጨዋ ሰው በጃንጥላ አናቱን ፈነከተው፤ ተፈንካቹም የፈንካቹን ጆሮ በጥርሱ ይዞ አልለቅም አለ። ሁለቱም እየደሙ ማኅተማቸውን አስመቱ። ከአኩሪ አተር የሚረጋውን ቶፉ የምትሸጠው ጎረቤቴ ሺኖ "አንቺ ሂሳኖ፣ ለትግል ግጥሚያ ዋና ከተማ ድረስ መሄድ ቀረልን እኮ!" ብላ ስትስቅ ነበር፤ ሁለት ሴቶች በፀጉር ተያይዘው የቶፉ ገንዳዋ ውስጥ እስኪገለበጡባት ድረስ። ከዚያ ወዲህ ሳቅ የለም፤ መጥረጊያ ይዛ ነው በር ላይ የምትቆመው።

ሁለተኛ፣ ባሌን በገዛ ደወሉ ግንድ ስላስደበደቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ። በተጎዳበት ዕለት የጉብኝቱ ሰዓት ሊያበቃ ሲል ሕዝቡ ግንዱን ከሁለት በኩል ይዞ "እኔ ልደውል! አይ እኔ!" እያለ ይጓተት ነበር። ቶኩጂሮም መሐል ገብቶ "ኧረ ጎበዝ፣ ሰው ትገድላላችሁ! አንድ በአንድ!" አለ። በአንድ በኩል ያሉት ለቀቁ። ግንዱ መጥቶ ደረቱን ሲመታው የተሰማውን ድምፅ እኔ ከወጥ ቤቴ ሰምቼዋለሁ፤ የደወል ድምፅ አልነበረም። ሮጬ ስደርስ ደም እየተፋ መሬት ላይ ተዘርሯል፣ ወረፋው ግን አልቆመም። አንዲት ሴትዮ "ይቅርታ፣ አንዴ ላስቸግርዎ" ብላ ጎንበስ ካለች በኋላ በላዩ ተራምዳ አለፈች። ሌላዋ ካርዷ ላይ የባሌ ደም ስለተረጨበት የእርስዎ ሠራተኛ "እመቤቴ፣ ቆሽሿል፤ አዲስ ካርድ ያምጡ" ብሎ መለሳት። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ የት ይገኛል? በእውነት ያን ጠረጴዛ በራሱ ላይ ልገለብጠው ነበር፤ እጄ ግን የባሌን ጭንቅላት ይዞ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከረባትዎን አጥብቀው፣ በሚያምር ጨርቅ የተጠቀለለ የጣፋጭ ሳጥን ይዘው ለይቅርታ ስለመጡልን ክብር ይሰማናል። ከነምክትልዎ ግንባራችሁ ምንጣፉን እስኪነካ ሰገዳችሁልን። ከዚያ ቀና ብለው "በርግጥ ባለቤትዎ ለጥንቃቄ ደወሉ ዙሪያ ካሰመርነው ቢጫ መስመር አልፈው ነበር የቆሙት" አሉ። ወይ ጉድ! ግንዱ መስመር አይቶ የሚመታ መስሎዎት ነው? ሳጥኑን ስከፍተው ደግሞ ከጣፋጩ ሥር ሁለት የጉብኝት ካርድ! ሲሻለው እንድንጎበኝ! ቶኩጂሮ ሊስቅ ሞከረና ሕመሙ አስጮኸው።

አራተኛው ምን ነበር? ንዴቱ አጠፋብኝ። ብቻ ያኔ እግርዎ ሥር ወድቄ አንድ ነገር ለምኜዎት ነበር፤ ዓመቱ ሳያልቅ ደወላችንን ከካርድዎ ያውጡልን ብዬ። የዓመቱ መጨረሻ ቀን ሰፈሩ ሁሉ ተራ እየጠበቀ የሚደውልበት ቀን ነው፤ እርስዎ ደግሞ ለዚያው ቀን ሽልማቱን እጥፍ አድርገውታል። ባሌ ደረቱ በፋሻ እንደታሰረ ተነስቶ "ሄጄ እቆማለሁ፤ ከሞትኩም እዚያው ልሙት" ብሎ ምሏል፣ ቃሉንም እንደማያጥፍ አውቃለሁ። ሁለተኛ ቢመታ ጎድኑ ሳንባውን ይቀደዋል ብሎናል ሐኪሙ። እርስዎ ግን "ካርዱ ታትሟል፣ ለሚመጣው ዓመት እናስብበታለን" አሉኝ። ስለ አሳቢነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ዛሬ ያ ቀን ነው፤ የዚህን ደብዳቤ ግልባጭም ከተማው ሁሉ እንዲያነበው ገበያው መግቢያ ላይ ለጥፌዋለሁ። ለመላው ቤተሰብዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለአጥንትዎም ጥንካሬ እየተመኘሁ፣ እርስዎ ባስተማሩን ስግደት ግንባሬን ምንጣፍ አስነክቼ እሰናበታለሁ።

ምስጋናዋ ሞልቶ የፈሰሰባት፣
ሂሳኖ፣ የቶኩጂሮ ሚስት

ማስታወሻ፦ ሳልነግርዎት ልረሳው! ብዙ ቀን ቆሜ እንዳየሁት ደወሉን ቀና ብሎ የሚያይ የለም፤ ሰዉ የሚሮጠው ማኅተሙ ወዳለበት ነው። ስለዚህ እኔና ሺኖ ከሰፈር ሴቶች ጋር ሆነን ዛሬ ጠዋት ጠረጴዛውን ከነማኅተሙ ተሸክመን እርስዎ ቢሮ ውስጥ፣ ከወንበርዎ አጠገብ አስቀምጠነዋል፤ ከቤተ መቅደሱ በር ጀምሮም "አምስተኛው ማኅተም በዚህ በኩል" የሚል ቀስት በየግድግዳው ለጥፈናል። ሠራተኛዎ ሊከለክለን ሞክሮ ነበር፤ የሺኖን መጥረጊያ ሲያይ ሐሳቡን ቀየረ። ይህን ሲያነቡ የመስተዋት በርዎ መንቀጥቀጥ ከጀመረ አይደንግጡ። ወለልዎ ላይ ቢጫ መስመር አስምረንልዎታል፤ አደራዎን፣ እንዳያልፉት።