በገዛ ቤታቸው ቀሪ ስለተባሉት መምህርት

ጥር 1979 ዓ.ም.
ጊንጪ

ለተከበሩ ጓድ ተሬፋ እንግዳወርቅ
የትምህርት ቤት ኃላፊዎች ምደባ ኮሚቴ ሊቀመንበር
አምቦ

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎም የኮሚቴው አባላትም እንዴት ሰነበታችሁ? ከጊንጪ እስከ አምቦ ባለው መንገድ ሁሉ ጤና፣ ሰላምና መልካም የምግብ ፍላጎት አብሯችሁ እንዲጓዝ እመኛለሁ። ስለ ምግብ ፍላጎታችሁ እንኳ ብዙም አልሰጋም፤ ባለፈው ጥቅምት በዓይኔ አይቼዋለሁ።

እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህርት፣ የመምህርት ባየሽ ፈየራም ጎረቤት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ የምጽፈው ኮሚቴው በጎረቤቴ ላይ የሰጠው ውሳኔ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ በግልጽ ስለተለጠፈ ነው፤ ምስጋናዬም እዚያው አጠገቡ ቢለጠፍ ደስ ይለኛል። ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ «ለርዕሰ መምህርነት የተወዳደሩት ባየሽ ፈየራ በወሊድ ፈቃድ ላይ በመሆናቸው ለቃለ መጠይቅ አልቀረቡም፤ ኮሚቴውም ሊያገኛቸው አልቻለም። ስለዚህ መምህር ሆርዶፋ ተመድበዋል።»

የማመሰግንበትን ምክንያት በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ የመምህርነት ልማድ ሆኖብኝ ካልቆጠርኩ አይሆንልኝም።

አንደኛ፣ ስለ ርኅራኄያችሁ። በጥቅምቱ የቃለ መጠይቅ ዕለት ጠዋት ኮሚቴው ጊንጪ ድረስ መጥቶ መምህር ሆርዶፋን በትምህርት ቤቱ ቢሮ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ ተራው የመምህርት ባየሽ ነበር። እርሳቸውም አራስነታቸውን ከቁም ነገር ሳይቆጥሩ፣ ቀሚሳቸውን ለውጠው፣ ጫማቸውን አጥልቀው፣ ሕፃኑን ለእናታቸው ለአዴ ጉዴ አስረክበው በሩ ላይ ሲደርሱ፣ እናንተ አራስ ልትጠይቁ ስትገቡ ተገናኛችሁ። እርስዎም ባርኔጣዎን አውልቀው፣ «ኧረ በሞቴ ባየሽ! በዚህ ንፋስ አራስ ሴት ወዴት ትወጣለች? ተቀመጪ፣ እዚሁ እንጠይቅሻለን» አሉ። ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። አሁንም እንደተነካ ነው።

ሁለተኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። አዴ ጉዴ በእኛ አፍ ማርቃ የምንለውን የገብስ ገንፎ፣ መሐሉ ላይ ቅቤ አቁረው አቀረቡ። ኮሚቴው ማንኪያውን ሳያስቀምጥ ሥራውን ቀጠለ። እርስዎ በፈረቃ የሚያስተምሩ መምህራን ሲጎድሉ ክፍሎቹ እንዴት እንደሚሸፈኑ ጠየቁ፤ መምህርት ባየሽ መለሱ። አጠገብዎ የተቀመጡት ጓድ በአጨዳ ወቅት ከትምህርት ስለሚቀሩ የገበሬ ልጆች ጠየቁ፤ መምህርት ባየሽ ሕፃኑን እያጠቡ መለሱ። ሦስተኛው ጓድ ቅቤ እንዲጨመርላቸው ጠየቁ፤ ለዚህኛው አዴ ጉዴ በአግባቡ መልስ ሰጡ። በመጨረሻም እርስዎ የሳህኑን ዙሪያ እየጠረጉ፣ «እንዲህ ያለ መልስ ከጠዋት ጀምሮ አልሰማንም» ብለው መሰከሩ። ከጠዋት ጀምሮ የሰማችሁት መምህር ሆርዶፋን ብቻ እንደነበር በትሕትና ላስታውስዎ እወዳለሁ።

እኔም በዚያው ገበታ ነበርኩ። የሥራ ዘመኔን ሁሉ ስም ስጠራ ኖሬ «አቤት» ያለውን ልጅ ቀሪ ብዬ አላውቅም። የእናንተ አሠራር ለእኔ አዲስ ነው፤ ጠሪው ራሱ ከተጠሪዋ ቤት ይገባል፣ ገንፎዋን ይበላል፣ መልሷን ያደንቃል፣ አፉን ጠርጎ ሲወጣ ቀሪ ይላታል።

ሦስተኛ፣ በልጅ ጉዳይ ስላደረጋችሁት ጥልቅ ምርምር። የመምህር ሆርዶፋ ባለቤትም በዚያው ወር ተገላግላለች። ውሳኔያችሁም ዝቅ ብሎ፣ መምህር ሆርዶፋ «የልጅ አባት በመሆናቸው ኃላፊነት የመሸከም ብቃታቸውን አስመስክረዋል» ይላል። እንግዲያው አንድ ሕፃን ሲወለድ አባቱ ለሹመት ይበቃል፣ እናቱ ግን ከምድር ገጽ ትጠፋለች ማለት ነው። ሳይንስ ሳስተምር ይህ በመጽሐፉ ውስጥ አልነበረም፤ በሚቀጥለው እትም እንዲገባ አሳስባለሁ።

አራተኛ፣ ስለ ዕረፍቱ። መምህርት ባየሽ ፈቃዳቸውን ጨርሰው ሲመለሱ፣ ቀድሞ የያዙት የምክትል ርዕሰ መምህርነት ሥራም «እንዳይደክሙ» ተብሎ ተወስዶባቸው፣ የትምህርት ቤቱን የጎመን መደብ እንዲቆጣጠሩ ተደረገ። ጎመኑ ደህና ነው። መምህር ሆርዶፋ ግን ደህና አይደሉም፤ ባወጡት የክፍለ ጊዜ ድልድል አንዱን መምህር በአንድ ሰዓት ሦስት ክፍል ስላስገቡት፣ ወረቀታቸውን ይዘው ወደ መምህርት ባየሽ ቤት ብቅ ማለት አብዝተዋል። «ባየሽ እህቴ፣ እባክሽ አንድ ጊዜ እይልኝ» ይላሉ። አዴ ጉዴ ደግሞ ከጓዳ ሆነው፣ «ኦቦ ሆርዶፋ፣ እሷ እኮ የለችም! ኮሚቴው ፈልጎ አጥቷታል!» ይሏቸዋል። ሰውየው አንገታቸውን ደፍተው ይስቃሉ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። መምህርት ባየሽም ሕፃኑን በአንዱ ጉልበት፣ ድልድሉን በሌላው አድርገው ያስተካክላሉ። በማግስቱ ደወል ሲደወል እያንዳንዱ መምህር አንድ አንድ ክፍል ይደርሰዋል፤ ርዕሰ መምህሩም ይመሰገናሉ።

የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። ኮሚቴው በጥቅምት መምህርት ባየሽን መጠየቁን ካመነ፣ ለመለሱት የሚገባቸውን ውጤት ይስጣቸውና ከመምህር ሆርዶፋ ጋር ያወዳድራቸው። አልጠየቅንም የሚል ከሆነ ደግሞ ተመልሶ ይምጣና በቢሮ ይጠይቃቸው፤ ከጎመኑ መደብ ድረስ ሄጄ የምጠራቸው እኔው ነኝ። በዚህኛው ቃለ መጠይቅ ግን ገንፎ የለም። አዴ ጉዴ፣ ላልመጣ እንግዳ ሁለት ጊዜ አላገነፋም ብለዋል።

የኮሚቴውን ርኅራኄ፣ ትጋትና የሆድ ስፋት ዘወትር በማሰብ፣ ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ የምነሳ አክባሪዎ፣

ወርቅቱ መርጋ
ጡረተኛ መምህርት

ግልባጭ፦
ለትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ
ለአዴ ጉዴ (የሚነበብላቸው)

ማስታወሻ፦ በዚያ ዕለት አንድ ቡናማ ባርኔጣ በመምህርት ባየሽ አልጋ ራስጌ ተረስቶ ቀርቷል። የእርስዎ መስሎኝ በአምቦ አውቶቡስ ልልክልዎ ተነሥቼ ነበር። ነገር ግን በውሳኔያችሁ መሠረት ኮሚቴው መምህርት ባየሽን ስላላገኛቸው፣ የባርኔጣውን ባለቤት ለማወቅ አልተቻለም። በዚያ ቤት ነበርኩ የሚል ሰው ይህንኑ ጽፎ ቢያመለክት ወዲያውኑ ይመለስለታል። እስከዚያው ሕፃኑ እየተገለገለበት ነው፤ ጭንቅላቱ ላይ ግን አይደለም።