የቀዩ ኮፍያ ተራ

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ሥራሽ፣ ጤናሽ፣ ያ ብርድ ሲነካው የሚዘጋ ጉሮሮሽ እንዴት ነው? እኔ ደህና ነኝ። ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልለቅ ካለኝ ሰማያዊ ቀለም በቀር ምንም አልሆንኩም። የዛሬው ወሬዬም የዚሁ ቀለም ነገር ነው። ሳትደነግጪ አንብቢው፤ እማዬ ትበላለች፣ ትጠጣለች፣ እኔንም እንደ ልማዷ ትቆጣኛለች።

ራሷን እያዞራት ሁለቴ ወደቀች። የመጀመሪያውን ደበቀችኝ። በሁለተኛው ግን የእጅ መታጠቢያው ጠርዝ ግንባሯን ስለፈነከታት መደበቅ አልቻለችም፤ ተሰፋች። ሐኪሙ ለብቻዬ ጠርቶ፣ መድኃኒቱ እስኪይዝላት ድረስ ቤት ውስጥም ቢሆን ጭንቅላቷን የሚከላከል ነገር ሳታደርግ እንዳትንቀሳቀስ፣ አንድ ጊዜ ደግማ ጭንቅላቷን ከተመታች ግን ነገሩ እንደሚከፋ ነገረኝ። እቤት እንደገባን ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ የተሰቀለውን ያንቺን የብስክሌት ሄልሜት አወረድኩና አቧራውን ጠርጌ ሰጠኋት። እሱንም እኔንም አየችና መልሼ እንድሰቅለው አዘዘችኝ።

እኔማ አፍራ መሰለኝ። ያንን የተጫጫረ ነጭ ቅል የመሰለ ነገር ማን ወዶ ያደርጋል? መቼም ታውቂኛለሽ፣ ሲጨንቀኝ የማውቀው መላ ቀለም መቀባት ብቻ ነው። ጋራዥ ይዤው ሄድኩ። አለቃዬ እያገላበጠ የየትኛው መኪና ዕቃ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ ከዚያ በኋላማ ቀኑን ሙሉ መሳቂያ አደረገኝ። ደግነቱ የመኪናውን ቀለም ከመርጨቴ በፊት የካርቶን ማሸጊያ ፎም ላይ ሞከርኩት፤ ቀለሙ የሚቀጥንበት ቲነር ፎሙን እንደ ስኳር አሟሟው። የሄልሜቱ ሆድ ደግሞ ያው ፎም ነው። ስለዚህ በውሃ የሚበጠበጥ ቀለምና ቀጭን ብሩሽ ገዝቼ ቤት ተቀምጬ ልሠራው ወሰንኩ።

ምን ልሳልበት ስል ያ የቴሌቪዥን ጌማችን ትዝ አለኝ። ደመና ለደመና እየዘለሉ የሚሄዱት ሁለቱ ትንንሽ መንገደኞች፣ ሦስት ሦስት ነፍስ ያላቸው አረንጓዴ ኮፍያና ቀይ ኮፍያ። እማዬ መጀመሪያ ዓይናችሁን ያጠፋዋል እያለች ገመዱን ስትነቅልብን ኖራ፣ አንድ ቀን እስቲ ልሞክረው ብላ ቁጭ አለች፤ በቃ፣ ማን ያስነሳት! አረንጓዴው የሷ ሆነ፣ ቀዩ ያንቺ። እኔ ይኸው እስከ ዛሬ ተራዬ አልደረሰም።

ከሰዓት በኋላ እማዬ ሶፋው ላይ ጋደም ስትል፣ እኔ መስኮቱ ሥር ሄልሜቱን ጉልበቴ ላይ አድርጌ እቀባለሁ። መጀመሪያ ሰማዩን ቀባሁ፤ ያን ከጌሙ በቀር የትም የማይገኘውን ሰማያዊ። ከዚያ ደመናዎቹን አንድ በአንድ፣ ሥራቸው ዝርግ፣ አናታቸው ድቡልቡል አድርጌ። የአየር ማስገቢያ ቀዳዳዎቹን በጌሙ በየደረጃው መጨረሻ ላይ የሚከፈቱት በሮች አደረግኋቸው። ውጭ ዝናቡ ቀስ ብሎ ይወርዳል፣ መጋረጃው ይነፋና ይሟሽሻል፣ እማዬም በእንቅልፏ አውራ ጣቷን ታንቀሳቅሳለች። አንዳንዴ የት እንዳለሁ ይጠፋኛል። ገና ያልደረቀ ደመና ላይ ቆሜ ቤታችንን ቁልቁል የማይ ይመስለኛል፤ ብስክሌትሽ ደጅ ላይ ተደግፏል፣ ጎማው ገና መሽከርከሩን አላቆመም፣ አንቺም ውስጥ ገብተሽ ውሃ እየጠጣሽ ነው። ቀና ስል ብሩሹ እጄ ላይ ደርቆ አገኘዋለሁ።

የሄልሜቱ ግንባር ላይ አረንጓዴ ኮፍያን ብቻ ሳልኩት፤ የራሷን ሰው ስታይ ደስ ይላታል ብዬ። ስሰጣት ሳቀች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ! በጣቷ ደመናዎቹን እየተከተለች ዞረች፣ ጎኑን አየች፣ ኋላውን አየች፣ ከዚያ ፊቷ ቅጭም አለ። ቀዩስ የት ሄደ ብላ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ቀዩን ከጎኑ ሳልኩት። ያኔ አደረገችው። ማሰሪያውን ላጠብቅላት ስል ግን እጄን ያዘችኝ፤ አወለቀችና ምስማሩ ላይ ራሷ ሰቀለችው። ደሜ ፈላ። ጮህኩባት፣ አልዋሽሽም። እሷ ግን ሄዳ ቴሌቪዥኑን ከፈተች።

እዚህ ላይ ነው ዓይኔ የተገለጠው። ብቻዋን ስትጫወት ስንቴ አይቻታለሁ፣ ልብ ብዬ ግን አላየሁም ነበር። እማዬ የምትከፍተው የሁለት ሰው ጨዋታ ነው። አረንጓዴው ወድቆ ተራው የቀዩ ሲሆን የሷን ጆይስቲክ ታስቀምጥና ያንቺን፣ ያንን ገመዱን ስትናደጂ የምትነክሺውን፣ ታነሳለች። አረንጓዴው ቢሞት ግድ የላትም፣ እንደ ነገሩ ታዘልለዋለች። ቀዩን ግን ጠርዝ ጋ ስትደርስ አቁማ፣ ትንፋሿን ይዛ፣ አይታ አይታ ነው የምታሻግረው። አጠገቧ ቁጭ አልኩና ሄልሜቱን ለምን እንደማታደርገው ለስለስ ብዬ ጠየቅኋት።

«ባለቤቱ ስትመጣ ምን አድርጋ ልትነዳ ነው?» አለችኝ።

እታለም፣ ከእማዬ ጋር ተጣልተሽ ከቤት የወጣሽ ቀን የተባባላችሁትን አላነሳም። አንድ ነገር ግን የማታውቂው አለ፣ ዞረሽ አላየሽምና። አንቺ ተናደሽ ብስክሌቱ ላይ ወጥተሽ ስትሄጂ፣ እማዬ በባዶ እግሯ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ተከትላሽ ነበር። ልትመልስሽ ይሁን ልትቆጣሽ አላውቅም። በእጇ የያዘችው ግን ይህንኑ ሄልሜት ነው። ከዚያ ወዲህ ከምስማሩ አልወረደም፤ ማሰሪያውም ዛሬም ባንቺ አገጭ ልክ ነው።

እንግዲህ እኔ የምቀባውን ቀብቻለሁ። የቀረው ባንቺ እጅ ነው። «አድርጊው፣ ፈቅጃለሁ» ብለሽ ብትጽፊላት እንኳ እሺ የምትል ይመስለኛል። መጥተሽ በገዛ እጅሽ ብታጠብቂላት ግን እንዴት ደስ ባለኝ! እስከዚያው ከሶፋው እስከ መኝታ ቤቷ እጄን ዘርግቼ ከኋላ ከኋላዋ እሄዳለሁ፤ እሷም እንደ ዶሮ አትከተለኝ ትለኛለች።

ይህን ስጽፍ እዚሁ አጠገቤ እየተጫወተች ነው። ለማን እንደምጽፍ አልጠየቀችኝም፣ እኔም አልነገርኳትም። አሁን ግን ዓይኗን ከቴሌቪዥኑ ሳትነቅል፣ የቀዩ ሦስቱም ነፍስ እንዳለ ጻፍላት አለችኝ።

መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ከክፉ ይጠብቅሽ።

ተራ ጠባቂው ወንድምሽ