ኮላ ቀማሿ

ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ያ ወገብሽ አሁንም ጠዋት ጠዋት ይይዝሻል ወይስ ተወሽ? እማዬስ እንዴት ናት? መነጽሯን ዓይኗ ላይ ሰክታ መነጽሬን ማን ወሰደብኝ ማለቷን ትታለች? ድንቡሼስ? የልጅሽን ነገር እመለስበታለሁ፤ ይህን ሁሉ የምጽፈውም ለእሷ ስል ነው። እኔ ደህና ነኝ። ይህችን ደህና ነኝ ስንት ዘመን በውሸት ስጽፍልሽ እንደኖርኩ አንቺም ሳታውቂ አትቀሪም፤ የዛሬዋ ግን እውነት ለመሆን ትንሽ ነው የቀራት።

ያለፈው ደብዳቤሽ የደረሰኝ ሥራ ቦታ ነው። መስኮቱ ጋ ቆሜ አነበብኩት። ድንቡሼ ድንቡሼነቷ በስም ብቻ ቀረ ብለሽ ጽፈሻል። እግሯ እንደቀጠነ፣ ሆዷ ብቻ እንደተነፋ፣ አብረዋት የተወለዱት የሰፈር ልጆች ጥለዋት እንዳደጉ፣ የወስፋት መድኃኒቱም ምንም እንዳልፈየደላት። እማዬ ደግሞ ልጅቷ ምግብ ነው የቸገራት እያለች ዳቦ በወተት እያራሰች ጠዋት ማታ እንደምታጎርሳት። አንብቤ አጠፍኩትና የሽርጤ ኪስ ከተትኩት። ትንሽ ቆይቼ መልሼ አወጣሁት። አለቃችን ዛሬ መጽሐፍ ትጠርዢያለሽ ወይስ ደብዳቤ ትሸመድጃለሽ ብሎ እስኪቆጣኝ ድረስ ስከተውና ሳወጣው ዋልኩ።

ስለ ድንቡሼ ለማውራት ከራሴ ሆድ መነሳት አለብኝና ታገሺኝ። መጀመሪያ ጨጓራ ነው ተባልኩ። ጨጓራ ሰው ሁሉ የሚያውቀው በሽታ ስለሆነ ማንም አልተከራከረም፤ እኔም አምኜ ኪኒኔን ዋጥኩ። ቀጥሎ አሜባ ሆነ። ከዚያ ታይፎይድ ነው ተባለ፤ ከዚያ ደም ማነስ፤ ከዚያ ሪህ፣ ጣቶቼ ጠዋት አልታጠፍ ስላሉኝ። ፀጉሬ በማበጠሪያ እየተነቀለ ሲመጣ ዕድሜ ነው አሉኝ። አፌ ውስጥ ቁስል ሲወጣ ቫይታሚን ነው አሉኝ። በመጨረሻ አንድ ሽቶው ከሩቅ የሚጣራ ወጣት ሐኪም የምርመራ ወረቀቶቼን አገላብጦ አገላብጦ፣ እህቴ አንቺን የሚያምሽ ሐሳብ ነው፣ እስቲ ትንሽ ዘና በይ አለኝ። እኔም አሁን ዘና የምልበት ቦታ ሽንት ቤት ብቻ ነው፣ እሱንም ቀኑን ሙሉ እየተዝናናሁበት ነው አልኩት። አልሳቀም። መሥሪያ ቤት ደግሞ የመጽሐፉን የወረቀት አንሶላዎች የምትሰፋው ባልደረባዬ ማርና ነጭ ሽንኩርት፣ አከራዬ ሙቅ ውኃ በሎሚ፣ የአከራዬ እህት ባል ማግባት አዘዙልኝ። ሆዴ የሰፈሩ የጋራ መሬት ሆኖ ያላረሰው ሰው አልነበረም።

ሕመሙን ግን ለምጄው ነበር፣ እትዬ። ያስፈራኝ ጭጋጉ ነው። ምሳ በበላሁ ቁጥር ከየት እንደሚመጣ የማላውቀው ነጭ ጭጋግ ቀስ ብሎ ራሴ ላይ ይወርዳል። መስኮቱ ጋ ቆሜ አንሶላ ሳጥፍ ወረቀቶቹ በብርሃኑ ውስጥ ብድግ ብለው የሚንሳፈፉ ይመስሉኛል። የባልደረባዬ መርፌ ሲገባና ሲወጣ ሳይ እኔንም ከገጾቹ ጋር አብራ እየሰፋችኝ ነው እላለሁ፤ ደግሞ አያመኝም። ሰው ሲያናግረኝ ድምፁ በግድግዳ በኩል ነው የሚመጣው። ወደ ቤት ስሄድ አስፋልቱ እንደ ፍራሽ ይሰረጉዳል። አንድ ከሰዓት በኋላ አውቶቡስ መጠበቂያው ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣውን የሚሄደውን ሳይ ቆየሁ፣ የእኔ የትኛው እንደሆነ ጠፍቶብኝ። ሰው ይወርዳል፣ ሰው ይሳፈራል፣ ፀሐይዋ ጉልበቴ ላይ ናት። እውነቱን ልንገርሽ፣ ደስ ይል ነበር። ያስፈራኝም ደስ ማለቱ ነው። እንዲህ እያለ ቀስ ብሎ የሚወስድ ነገር ሰው አይታገለውም ብዬ ፈራሁ።

በሽታዬን ያገኘችልኝ አንዲት ጸጥ ያለች ሐኪም ናት። የያዝኩትን የወረቀት ክምር ወደ ጎን አድርጋ መጀመሪያ ክርኔን አየች፤ ያን ዘወትር የሚያሳክከኝን ሽፍታ። ከመቼ ጀምሮ ነው አለችኝ። ከድሮ ጀምሮ አልኳት። ደም ወሰደች፤ ደሙ አንድ ነገር ነገራት መሰለኝ ቀጥሎ በጉሮሮዬ ቀጭን ካሜራ ሰደው ከአንጀቴ ቅንጣት ሥጋ ቆረጡ። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ ነገረችኝ። ሴሊያክ ይባላል። ስንዴ ሲገባ ሰውነቴ ጠላት መጣብኝ ብሎ ይነሳና የራሱን አንጀት ይወጋል። ገብስም ያው ነው። በየቀኑ ዳቦ ስበላ በየቀኑ ጦርነት ነበር ማለት ነው፣ እኔ ሳልሰማ። አለቀስኩ። ደንግጣ አይዞሽ፣ ከስንዴ ከራቅሽ ትድኛለሽ አለችኝ። ያለቀስኩት እኮ ፈርቼ አይደለም፤ ለካ አላበድኩም ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ዳቦ በቤቴ ደጃፍ አላለፈም። ሩዝ፣ ድንች፣ በቆሎ፣ ተመልሶ ሩዝ። ፓስታ እንኳ እንዴት እንደምወድ ታውቂያለሽ፤ እሱንም ተውኩ። ሆኖም አልተሻለኝም! ሆዴ ያው፣ ጭጋጉ ያው። ሐኪሟ ጋ ተመልሼ ስሄድ ተጠራጠረችኝ፤ እውነት ንገሪኝ፣ በድብቅ ዳቦ ትበያለሽ እንዴ አለችኝ። በአባባ ነፍስ ማልኩላት። እንግዲያው ከጠዋት ጀምሮ ውሎሽን አንድ በአንድ ንገሪኝ አለች። ተነስቼ ልብስ እለብሳለሁ፣ ሥራ እገባለሁ፣ ኮላዬን አፈላለሁ አልኳት። ኮላው ከምንድን ነው አለች። ከዱቄት አልኳት። የምን ዱቄት ነው ስትለኝ የስንዴ ነዋ አልኳት፣ ነገሩ ገና አልገባኝም ነበር፤ መብሰሉንስ በምን ታውቂያለሽ ስትለኝ ጣቴን አንስቼ ምላሴ ላይ አድርጌ አሳየኋት።

እትዬ፣ ፊቷን ብታዪው! ግንባሯን በእጇ ያዘች። መጀመሪያ እሷ ሳቀች፣ ከዚያ እኔ፤ ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች በበሩ እስኪያዩን ድረስ ሳቅን። አባባን አስቢው እስቲ፣ ነፍሱን ይማረውና። ዓይናችንን አስጨፍኖ ኮላ ሲያስቀምሰን፣ ጥሬ ዱቄት ጥሬ ዱቄት ይላል ወይስ አይልም እያለ ሲፈትነን። ሌላው ጠራዥ ሁሉ በሁለት ጣቱ መሀል ስቦ ነው መብሰሉን የሚያየው፤ በምላስ የሚለካ የእኛ ቤት ብቻ ነው። ይህንንም እንደ ትልቅ ሙያ ስኮራበት ኖሬአለሁ። ገጽ ስገልጥ ደግሞ ኮላ የነካውን ጣት እልሳለሁ። ዳቦዬን ትቼ ስንዴዬን በመላስ ስጨርስ ነበር ማለት ነው። አሁን በሩዝ ዱቄት አፈላለሁ። አለቃችን የሩዝ ኮላ ገና ሲነኩት የሚላቀቅ ነው ብሎ አጉረመረመ፤ ደረቅ ሲል አንዱን ሽፋን ይዞ ጎተተ፣ ጎተተ፣ አልላቀቅለት ሲል ትቶት ሄደ። እኔም ሰሞኑን ጭጋጉ እየሳሳልኝ ነው። ትናንት ምሳ በልቼ መስኮቱ ጋ ስቆም ከማዶ ያለው ቤት ቆርቆሮው ሰማያዊ መሆኑን አየሁ። ስንት ዘመን እዚያ ቆሜ አላየሁትም።

አሁን ልብሽን ሰብሰብ አድርገሽ አንብቢልኝ።

ይህ በሽታ በዘር ይሄዳል። ሐኪሟ ስንት እህትና ወንድም አለሽ አለችኝ፤ አንድ ታላቅ እህት አልኳት። የሞተስ የለም አለች።  በልጅነቱ ስለሞተው ታናሽ ወንድማችን ነገርኳት፤ ጡት ከጣለ ወዲህ እንደከሳ፣ ሆዱ ብቻ እንደ ከበሮ እንደተወጠረ፣ ሳይሮጥ እንደቀረ። ምን ይበላ ነበር አለችኝ። እንዲበረታ ተብሎ ከአባባ የኮላ ዱቄት እየተነሳ በወተት ይፈላለት ነበር አልኳት። እስክሪብቶዋን አንስታ ነበር፤ ምንም ሳትጽፍ አስቀመጠችው።  

ስለ ካሜራው ቀን ሳልነግርሽ ያለፍኩት አለ። ማደንዘዣው ሲይዘኝ የአባባን የሥራ ክፍል አየሁ። ጠዋት ነው፤ ብናኙ በፀሐይዋ ውስጥ ቀስ እያለ ይዞራል። ታናሻችን ጠረጴዛው ላይ በታጠፉት አንሶላዎች መሀል ተቀምጧል፣ እግሮቹን አንጠልጥሎ። አያለቅስም። ማንኪያ ወደ አፉ ይመጣል፤ እሱ በዚያች በትንሽ መዳፉ ቀስ አድርጎ ይገፋዋል። እንደገና ይመጣል፤ እንደገና ይገፋዋል። ሳይቆጣ፣ እየሳቀ፣ እኔን እያየ፤ የሚያውቀውን ነገር መናገሪያ አፍ እንደሌለው ሰው። ልጠራው ስል አፌ በቱቦ ተሞልቷል። ማንኪያውን የያዘውን እጅ አላየሁም። አላየሁም፣ እትዬ። ባየውም የማየው የትንሽ ልጅ እጅ ነበር፤ አብዪው የተባለችውን በፍቅር የምታደርግ፣ ማንኪያውን ቀድማ እፍ እያለች የምታቀዘቅዝ የልጅ እጅ።

ድንቡሼን ይዘሽልኝ ነይ። ሐኪሟን ነግሬአታለሁ፤ በመጣችሁ ቀን ታያታለች። ደሟን ሰጥታ በጊዜ ይታወቅላት እንጂ ልጆች እንደ ችግኝ ነው የሚያገግሙት ብላኛለች፤ ቁመቷም ይመለሳል፣ ጉንጯም ይመለሳል። አንቺም ክንድሽን ትዘረጊያለሽ፣ ምንም የለብኝም ማለት የለም። የእማዬን ነገር ለእኔ ተዪው፤ እኔ ራሴ መጥቼ አጠገቧ ቁጭ ብዬ አወራታለሁ። እስከዚያ የእኔ ሆድ ስም እንዳገኘ ብቻ ንገሪያት፣ ደስ ይላታል።

አንድ ነገር አለ፤ እሱን ለመጻፍ ነው ከጠዋት ጀምሮ ዙሪያውን የምዞረው። ምርመራው እስኪያልቅ ድረስ ዳቦውን እንዳታስቀሪባት። ስንዴ ከቀረ ደሙ ይደብቃል፣ በሽታውም የለም ይባላል፤ ልጅቷም እንደ እኔ ከአንዱ ሐኪም ወደ ሌላው ስትንከራተት ትኖራለች። በእነዚህ ጥቂት ቀናት ትጎዳብኝ ይሆን ብዬ ጠይቄአለሁ፤ የሚጎዳት ሳይታወቅላት መቅረቱ ነው ብላኛለች። ይህን ደብዳቤ ካነበብሽ በኋላ አንቺን ያንን ማንኪያ እንደገና አንሺ ማለት ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ስለማውቅ ነው ፈጥነሽ ነይ የምልሽ። እስክትነሱ እማዬ እንደለመደችው ታብላት፤ አንቺ ጓዝሽን ሸክፊ። እዚህ ከገባችሁ በኋላ ዳቦውን የምቆርሰው እኔ ነኝ። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጬ በእኔ እጅ አጎርሳታለሁ፤ የመጨረሻዋንም ጉርሻ እኔ አጎርሳታለሁ። አንቺ መስኮቱን ከፍተሽ ውጭ ውጭውን እዪልኝ።

ፈጣሪ መንገዳችሁን ያቅናላችሁ። የድንቡሼን ሆድ ያስተኛልን፣ እግሯን ለሩጫ ያድርስልን። እማዬን በጤና ያቆይልን። ለአንቺ ደግሞ እንቅልፍ ይስጥሽ፤ ከሁሉም በላይ ለአንቺ የምለምነው እንቅልፍ ነው። ይህ ሲደርስሽ መልስ አትጻፊልኝ፤ ተነሺ።

ሁለቱንም እጆችሽን አገላብጣ የምትስምሽ፣
ታናሽ እህትሽ