ብርሃኑ ሲቀነስ

ረቡዕ፣ ኅዳር 9 ቀን

ለምወድሽ፣ ለችኩሏ ልጄ፤

እንዴት ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ። የቤተ ሙከራችን ዶክተር እንደደወሉልሽ ነግረውኛል፤ ስለዚህ ውጤቱን ታውቂዋለሽ። እዚያ ውስጥ የሆነውን ግን ማን ይነግርሻል ብዬ ነው የምጽፍልሽ።

ጠዋት እንደ ሁልጊዜው የማቀዝቀዣውን ፈሳሽ ሞልቼ ልወጣ ስል ዶክተር «ዛሬስ አይሄዱም፤ የልጅዎ ነገር ነው» አሉኝ። እዚያ ውጭ አገር ያሉት ሰዎች የሚያቆዩሽ እዚህ የሠራሻት ናሙና ከሠራች ብቻ እንደሆነ፣ አለበለዚያ በወሩ መጨረሻ ሻንጣሽን ይዘሽ እንደምትመለሺ ሁላችንም እናውቃለን። ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ።

ጥለሻቸው ከሄድሽው ቁርጥራጭ ወረቀቶች እንደገባኝ ነገሩ እንዲህ ነው። በሁለት መስታወቶች መካከል በዐይን የማትታይ ክፍል አለች፤ ውስጧ ኳንተም ነጥብ የምትሏት ኢምንት ቅንጣት ተቀምጣለች። ነጥቧ ብርሃን ትተፋለች፣ መስታወቶቹ ይመልሱባታል፣ መልሳ ትውጠዋለች። ቅብብሉ ከፈጠነ ብርሃኑ የነጥቧ ይሁን የክፍሏ መለየት አይቻልም። ስክሪኑ ላይ በሚሳለው የብርሃን መስመር አንዱ ጉብታ የነጥቧ፣ ሌላው የክፍሏ ነው። ቅዝቃዜውን ቀስ በቀስ ሲቀንሱት የነጥቧ ወደ ክፍሏ ይጠጋል። ተደራርበው አንድ ከሆኑ ቅብብሉ አልፈጠነም፤ ናሙናዋ አልሠራችም። ተገፋፍተው ሁለት እንደሆኑ ከቀሩ ሠርታለች።

ቴክኒሻኑ ሙቀቱን ጨመረ። ጉብታው ተንፏቀቀ።

«አይታየኝም፤ ብርሃን ጨምር» አሉ ዶክተር።

ጨመረ።

«ጨምር እንጂ! ከኪስህ ነው እንዴ የምታወጣው?»

ጨመረ። ሁለቱ ተጠጉ፣ ተጠጉና አንድ ወፍራም ጉብታ ሆኑ።

ዶክተር መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ ወረወሩት። «ልጅቷን ምን ብዬ ነው የምነግራት?»

እኔ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ማንም እንዲያየው አልፈለግሁም።

ያኔ ቴክኒሻኑ ራሱን ያዘ። «ዶክተር፣ እኛው ነን ያጠፋነው! በብርሃን አጥለቅልቀን ደበላለቅነው። በጥቂት በጥቂቱ ነበር መስጠት።»

«እና እስካሁን አፍህን ምን ዘጋው?»

«ከኪስህ ነው እንዴ ሲሉኝ ነዋ!» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «እትዬ፣ አጠገብዎ ያለውን ብርሃን የሚቀንስ ጥቁር መስታወት በብርሃኑ መንገድ ላይ ያስገቡልኝ» አለ።

መስታወቱን አነሳሁት። የሚገባበት ቦታ አንድ ክንድ እንኳ አይርቅም።

«እትዬ?» አለ። «እትዬ፣ ምነው?»

ጓንቱ እያንሸራተተኝ ነው አልኩት።

አስገባሁት።

ስክሪኑ ደበዘዘ። ጠበቅን። መስመሩ ነጠብጣብ በነጠብጣብ እየተሠራ መጣ፤ መሐሉ ጎደጎደ፣ ይበልጥ ጎደጎደና ሁለት ጉብታዎች ቆሙ፣ ጎን ለጎን፣ ሳይዋሐዱ። ቴክኒሻኑ ጮኸ። ዶክተር አንገቴ ላይ ተጠምጥመው «እንኳን ደስ አለዎት፣ እዚያው ቀረችልዎት!» አሉኝ። እኔም አጨበጨብኩ። ከሁሉም በላይ ያጨበጨብኩት እኔ ሳልሆን አልቀርም።

ስለ እኔ አታስቢ፤ ጉልበቴም ተሽሎታል። ደግሞ ሰሞኑን ፍራሽሽን ፀሐይ ላይ አስጥቼው ነበር። ዛሬ ማታ አጥፌ ቁም ሳጥኑ ላይ ሰቀልኩት፤ ቦታ ስለያዘብኝ ነው።

የጀመርሽው ይስመርልሽ። የሰው ደጅ ያክብርሽ። በበረደሽ ጊዜ ሁሉ የሚያሞቅሽ አይጥፋ።

እናትሽ