ኩፖን መቁረጥ የጀመርኩበት ሳምንት

ሰኞ

ሚስቴ ወንድሟ እንዲያበላን ነው የምትፈልገው።

ታከር ከተማ ያለው የምሠራበት መጋዘን ሥራዬን በሳምንት ሦስት ቀን ካደረገብኝ ወር ሊሆነው ነው። ዛሬ የባለቤቴ የትዕግስት ታላቅ ወንድም ጌታቸው ከሎረንስቪል መኪናውን ሞልቶ መጣ። ዘይት፣ ሩዝ፣ ምስር፣ ለልጆቹ ጁስ። በሩ ላይ ቆሜ "አልተራብንም፣ መልሰህ ውሰደው" አልኩት።

"እህቴ እኮ ናት" አለ።

"ሚስቴ ናት" አልኩ።

አንድ በአንድ መልሶ ጫነው። መስኮት ላይ ሆኜ አየሁት። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፣ አላለኝም።

ትዕግስት ኩሽና ሆና ሁሉንም ሰምታለች። ከሄደ በኋላ የተናገረችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "እንግዲያው ከነገ ጀምሮ አስቤዛውን አንተ ግዛ።"

እገዛለኋ። ምን ከባድ ነገር አለው?

ማክሰኞ

ከባድ ነው። ስንት ዓመቴ ነው ዝርዝር ይዤ ሱቅ ከገባሁ? ዋጋውን ሳላይ እየከተትኩ ሄጄ ካሸሯ ጋ ስደርስ ገንዘቤ አልበቃም። ዘይቱንና የልብስ ሳሙናውን አስመለስኩ። "ኢትስ ኦኬ" አለችኝ። ማዘኗ ነው የበለጠ ያናደደኝ።

ስኮትዴል ያለው አፓርታማችን ደረጃ ላይ እትዬ ወርቅነሽ አገኙኝ። ከኛ በታች ነው የሚኖሩት፣ ብቻቸውን። ሁለቷን ፌስታል አዩና "የዋጋ ቅናሽ ኩፖን አትጠቀምም እንዴ?" አሉኝ።

"እትዬ፣ እኔ ወረቀት ለቃሚ አይደለሁም" አልኳቸው።

"እኔስ ታዲያ ምንድን ነኝ?"

ፌስታሌን ይዤ ደረጃውን ወጣሁ። እስካሁን ፊቴ እየጋለ ነው።

ረቡዕ

ዛሬ ሥራ የለኝም። ሄጄ የእትዬን በር አንኳኳሁ። ይቅርታ ልጠይቅ ነበር፣ መቀስ አስያዙኝ።

መጋረጃውን እንዲዘጉልኝ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ፣ ግን ዘጉት። ሱዳን በስደተኛ ካምፕ ስንት ዓመት በራሽን ካርድ እንደተሰለፉ አጫወቱኝ። "እሱ ይመር ነበር። ይሄማ ምን አለው? ግዢኝ ብሎ የሚለምነኝ ፋብሪካው ራሱ ነው" አሉ።

ያስተማሩኝ፦
ቀኑን እይ፤ ያለፈበት አይሠራም።
መጠኑን አንብብ። ትልቁን ካለ ትልቁን ነው።
ኩፖን አለኝ ብለህ የማትበላውን እንዳትገዛ።
ወረቀቱ እየቀረ ነው፣ አሁን ብዙው በስልክ ሆኗል። ከተመዘገብክ ሱቁ በስልክ ቁጥርህ ያውቅሃል።

የመጨረሻውን በደንብ አልሰማሁትም። እጄ ላይ ያለውን ወረቀት እያየሁ ነበር። ሃምሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ የሳሙና ሥዕል እቆርጣለሁ።

ሐሙስ

ውርደት።

ሰባት ኩፖን ይዤ ገባሁ፣ ሁለቱ ብቻ ሠሩ። አንዱ ቀኑ ትናንት አልፏል። የሌሎቹን መጠን ተሳስቻለሁ። ካሸሩ ማኔጀር ጠራ፣ ማኔጀሯ ቶሎ አልመጣችም። ሰልፉ ረዘመ። ከኋላዬ አንዱ በስልክ፣ በንጹሕ አማርኛ፣ "ቆይ ጠብቀኝ፣ አንድ ሐበሻ በኩፖን ላይኑን አስሮታል" አለ። ማን እንደሆነ ዞሬ አላየሁም። እሱም ፊቴን እንዳያየው አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ቤት ስደርስ ፌስታሉን ፈታሁ። አራት እሽግ ቋሊማ። በጾም! ከሠሩት ሁለት ኩፖኖች አንዱ እሱ ነበር። ትዕግስት አየችው፣ ፍሪዘር ውስጥ ከተተችውና ወደ ልጆቹ ሄደች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ዓርብ

የዛሬውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም።

ከሺፍት በኋላ ወደዚያው ሱቅ ሄድኩ። ወረቀት አልያዝኩም፣ ተስፋ ቆርጫለሁ። ካሸሯ ስልክ ቁጥር ስትጠይቀኝ የእትዬ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ አልተመዘገብኩም። እስቲ ብዬ የትዕግስትን ቁጥር አስገባሁ።

ስክሪኑ ላይ ዋጋው መውረድ ጀመረ። ዘይቱ፣ ሩዙ፣ ሳሙናው። ማሽኑ የተበላሸ መስሎኝ "ስህተት አለ" አልኳት። "ስህተት የለም፣ ኩፖኖቹ በስልክ ቀድመው ተመርጠዋል። የማን ቁጥር ነው?" አለች። የባለቤቴ አልኳት። "ጎበዝ ናት" አለች።

ሪሲቱ ግርጌ ላይ በዚህ ዓመት በኩፖን ያተረፈችው ገንዘብ ተጽፏል። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም። መኪናዬን ፓርክ ያደረግኩበት ቁጭ ብዬ ደጋግሜ አነበብኩት።

ከአራት ዓመት በፊት ቦርሳዋ ውስጥ የተቆራረጡ ኩፖኖች አግኝቼ ነበር። ልጆቹ እያዩ ቀዳድጄ ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። "እኔ በሕይወት ቆሜ ሚስቴ ቁርጥራጭ አትለቅምም" አልኩ። ጀግና የሆንኩ መስሎኝ። ያን ሁሉ ጊዜ ቤቱን የምመግበው እኔ ብቻ መስሎኝ።

ቅዳሜ

ትዕግስትን ጠየቅኳት። ልብስ እያጣጠፈች ነበር፣ አላቆመችም።

"ወረቀቱን ቀደድክብኝ። ከዚያ በኋላ በስልክ አደረግኩት። ስልኩን አትቀደው።"

"ሰኞ ለምን አልነገርሽኝም? ሰው ፊት እንደዚያ ስዋረድ?"

"እንድታየው ነዋ" አለች።

ተናደድኩ። እውነቱን ልጻፍ፣ ከማፈሬ በፊት ተናደድኩ። ባሏን ለሳምንት እሳት ውስጥ የምትሰድ ሴት! ከዚያ እሷ እዚያው እሳት ውስጥ ስንት ዓመት እንደቆየች አሰብኩና አፈርኩ።

"ለጌታቸው ደውልለት" አለች።

ደወልኩ። አላነሳም። ይቅርታ ብዬ የድምፅ መልእክት ተውኩለት። ድምፄ እንደ ሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

እሁድ

ቤተ ክርስቲያን ጌታቸውን አገኘሁት። ራሱን ነቀነቀልኝና አለፈ። ይገባኛል። እኔ ብሆን ያንንም አላደርገው።

ስንመለስ ትዕግስት "እዚያ ጋ ታጠፍ" አለችኝ። ሱቁ ነው። ልጆቹን ከእትዬ ጋር ቀድመን ቤት ልከናል። ጋሪውን እሷ ገፋች፣ እኔ ከኋላ ተከተልኩ። የምስሩ መደርደሪያ ጋ ቆማ ስልኳን ሰጠችኝ። "ይቺን ኩፖን ንካት" አለች። ነካኋት። "እሱን ተወው፣ ማክሰኞ ይረክሳል።" ተውኩት።

አልሳቀችልኝም። ጌታቸውም እስካሁን አልደወለም። ቅር ያላት ነገር ደግሞ የኩፖኑ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ሌላውን ገና አልነገረችኝም።

ግን ወደሚቀጥለው መደርደሪያ ስትሄድ፣ ጥግ ላይ ጋሪውን አቁማ እስክደርስ ጠበቀችኝ።