የአባታችን ቤት በር ስንት ክንድ ነበር

በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ጀምሬ፣ ዛሬ ሐሙስ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም. በብቸና ከተማ፣ በገዛ ቤቴ፣ በገዛ እጄ በሠራሁት ወንበር ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል የምናዘዝ እኔ አናጢው ጓዴ ወልደ ሰንበት ነኝ። ዕድሜዬ ሰባ አራት ነው። ሳንባዬን ሃምሳ ዓመት የዋጥሁት የመጋዝ ብናኝ ጨርሶታል፤ አእምሮዬ ግን ትናንት እንደ ተሳለ መሮ ነው፤ የሚጠራጠር ጣቱን ይሞክርበት። ማንም አላስገደደኝም፣ ማንም አላባበለኝም። ሊያባብለኝ የሚችል አንድ ሰው ነበረ፤ እሷም ባለቤቴ አየሁሽ ናት፤ ካረፈች ሦስት ዓመቷ።

ተናጋሪውም ጸሐፊውም እኔው ነኝ። እስከ አምና ድረስ በአውራ ጣቴ እፈርም የነበርሁ ሰው በማታው ትምህርት ገብቼ ፊደልን ከሀ እስከ ፐ አንበርክኬዋለሁ። ከአሥራ አራት ተማሪ አንደኛ ወጥቻለሁ። መምህርቴ ትህትና እዚሁ ምስክር ሆና ተቀምጣለች፤ ውሸት ከሆነ ትናገር። አሁን «ጋሽ ጓዴ፣ ሦስተኛ ነበሩ እኮ» አለችኝ። እሱም ይጻፍ። የቀደሙኝ ሁለቱ ግን መነጽር የማይሹ ናቸው።

ሌሎቹ ምስክሮች የእድራችን ጸሐፊ አቶ ያለው፣ ጎረቤቴ እማሆይ ወለተ ገብርኤል፣ እንዲሁም ከብቸና በሞጣ አድርጎ ባሕር ዳር ሚኒባስ የሚነዳው ይታገስ ናቸው። ይታገስ መንገድ ስለ ተዘጋበት ነው እዚህ የተገኘ። ልጄ ሀይማኖት ወራሽ ስለ ሆነች ምስክር መሆን አትችልም ብሎ አቶ ያለው በሩ አጠገብ አስቀምጧታል።

አንደኛ። ይህ ቤት ከነግቢው፣ ከነባሕር ዛፉ የልጄ የሀይማኖት ነው። ልጄ፣ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚያፈሰውን ጥግ «ቤቱ እንዲተነፍስ ሆን ብዬ የተውሁት ነው» እያልሁ እናትሽን ሃያ ዓመት አታልያታለሁ። አስጠግኚው።

ሁለተኛ። መጋዞቼ፣ መላጊያዬና መዶሻዎቼ በእድሩ ቤት ይቀመጡ፤ ለድሃ የሬሳ ሣጥን የሚሠራ ሁሉ ይገልገልባቸው። የራሴን ሣጥን ሠርቼ ጨርሻለሁ፤ አልጋዬ ሥር ነው። በብቸና ምድር እንደዚያ ያለ የእንጨት ማጋጠሚያ አልታየምና አፈር ሳይለብስ ሰው አገላብጦ ይየው። ትንሹ ቢላዬና ትንሹ መሮዬ ግን የእድሩ አይደሉም። የማን እንደ ሆኑ ወደ ኋላ እናገራለሁ።

ሦስተኛው ነገር ያለው ቆጡ ላይ ነው። ሀይማኖትና ይታገስ በመሰላል ወጥተው አንድ በአንድ እያወረዱ መሬት ላይ ደረደሩት። ሃያ ሦስት ቁጥር ነው። የውሃ ወፍጮ ከነመዘውሩ፤ መንገድ ሲሰፋ የፈረሱት የገበያው ዳር ቤቶች፤ የቆሎ ተማሪዎች ጎጆዎች፤ ጣሪያው ላይ ፍየል የታሰረበት የሞጣ አውቶቡስ። ሁሉም በዋንዛ፣ በቀርከሃ፣ በማሽላ አገዳና በሰንበሌጥ የተሠሩ ናቸው። መምህርት ትህትና «ሞዴል» ትላቸዋለች፤ እኔ ታናናሽ ቤቶቼ እላቸዋለሁ። ልኬ አንድ ነው፤ የእውነተኛው ቤት አንድ ክንድ በእኔ ዘንድ አንድ ጣት ይሆናል። ከዚህ ሕግ ወጥቼ አላውቅም።

ሰዉ ሁሉ ወደ ቤቶቹ ተጠጋ። ኋላ አቶ ያለው «ይህን ሁሉ ማን ሠራው?» አለ።

«ማን ይመስልሃል? የቆጥ አይጥ?»

«አንተ! ይህን ያህል ዘመን ጎረቤትህ ስሆን አንዲት ቀን እንኳ ትንፍሽ አትልም?»

እማሆይ አውቶቡሱን አንሥተው ጎማውን በጣታቸው አዞሩት። «መቼ ሠራኸው ልጄ?»

«እሑድ እሑድ፣ አየሁሽ ቅዳሴ ስትሄድ።»

«በሰንበት!»

«በቢላ ነው እማሆይ፤ ድምፅ አያሰማም።»

«እግዜር ጆሮው እንዳንተ የደነቆረ መሰለህ?»

ይህንም ለንስሐ አባቴ ተናግሬ ቀኖናዬን ፈጽሜያለሁ። ሌላው ኃጢአቴ ግን ቀኖና አልወጣለትም። ከአየሁሽ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሸሸግሁ። ንብ እንደምትፈራ አውቃለሁና ቆጡ ላይ ቀፎ አለ አልኋት። ካረፈች በኋላ፣ በአርባዋ ማግሥት ስወጣ ታናናሽ ቤቶቼ አቧራ ለብሰው አገኘኋቸው። መጀመሪያ ነገሩ አልገባኝም። ተቀምጬ አሰብሁ። በዚያ ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አቧራ ጠርጌ አላውቅም፤ ሥራዬ አቧራ የማይዘው ይመስለኝ ነበር። ለካ ንብ የምትፈራዋ ሴት፣ እኔ ከቤት ስወጣ መሰላሉን እየወጣች ትጠርጋቸው ኖሯል። አውቃ ዝም አለች። እስክነግራት ጠበቀች፤ እኔም ሳልነግራት ቀበርኋት። እዚህ ላይ ፊደሌ ቢጣመም ብዕሩ ነው፤ እጄ አይደለም።

ለምን ደበቅኸው የሚል ይኖራል። ፈርቼ ነው። የፈራሁትንም ነገር አሳምሬ አውቀዋለሁ፤ አስቀድሜ በሌላ ሰው ላይ አድርጌዋለሁና።

ነገሩ የሆነው በ1986 ዓ.ም. ሀይማኖት ክርስትና በተነሣችበት ዕለት ነው። ቤቱን እንግዳ ሞልቶታል። ታናሽ ወንድሜ ይርሳው ከባለቤቱ ከፋንታነሽ ጋር ከሞጣ መጣ፤ በነጠላ የተጠቀለለ ነገር ታቅፏል። ሲፈታው የአባታችን ቤት ነው። ክቡ ግድግዳ፣ የሰንበሌጥ ክዳኑ፣ ምሰሶው፣ መደቡ፣ ደጃፉ ላይ የእናታችን ሙቀጫ ሳይቀር። እውነተኛው ቤት ከፈረሰ ዓመታት አልፈውት ነበር። «ለልጅቷ ነው፤ የአያቷን ቤት እንድታውቅ» አለ።

እኔ ያን ሰሞን የመጀመሪያዬን ትንሽ ቤት ጀምሬ ቆጡ ላይ ሰውሬያለሁ። የእሱን ሳይ የእኔ የዶሮ ቤት መሆኑ ገባኝ። እንግዳው ሁሉ ጓዴ ምን ይል ይሆን እያለ ዓይን ዓይኔን ያያል፤ የአገሩ ቀልደኛ ነኛ! ሰው እኔን ይለኛል ብዬ የምፈራውን ነገር በእሱ ላይ ቀድሜ አልሁት። «አየ ይርሳው! ልጅ ቢያጣ ለራሱ መጫወቻ ሠራ!»

ይርሳውና ፋንታነሽ ሁለት ልጅ ቀብረዋል።

ሰው ሳቀ። ደገምሁት፤ ደግሞ ሳቀ። ፋንታነሽ ነጠላዋን አንሥታ ቤቱን መልሳ ጠቀለለችው። ተያይዘው ወጡ። ሞጣ ሲደርሱ ይርሳው ምድጃ ውስጥ እንደ ጨመረው፣ ከጣሪያው እንደ ጀመረ፣ ከብዙ ዘመን በኋላ ፋንታነሽ በልቅሶ ቤት ለአየሁሽ ነገረቻት። ከዚያ ወዲህ አንዲት እንጨት አልፈለፈለም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ይባላል፤ እኔ ደግሞ የቆጡን ስደብቅ የብብቴን ጣልሁ።

ሀይማኖት ከበሩ አጠገብ «አባዬ፣ ከአጎቴ ጋር በመሬት ነው የተጣላችሁ አላልኸኝም?» አለች።

«ብዬሻለሁ። በመሬት የተጣላ ሰው አያፍርም።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አልፈርድባትም፤ የተቃጠለው የእሷ ስጦታ ነው።

ስለዚህ አራተኛ። እነዚህ ሃያ ሦስቱ በየገበያው ቀን በቤቴ ደጃፍ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጡ። ልጅም አዋቂም ይንካቸው። ቢሰበር ይሰበር፤ ቆጥ ላይ ሳይሰበር ከሚቀር ሕፃን እጅ ላይ ቢሰበር ይሻለዋል። በብቸናም በሞጣም በአምበርም፣ በየጓዳችሁ በርን ቆልፋችሁ ትንሽ ቤት፣ ትንሽ መኪና፣ ትንሽ ድልድይ የምትሠሩ ሁሉ፣ የእኔን ጠረጴዛ ስታዩ የእናንተንም አምጥታችሁ ከጎኑ አስቀምጡ። ከእኔ የሚበልጥ ካለ ያን ጊዜ እኔ መቃብር ውስጥ ነኝ፤ አልቀናም።

ይህን ሳነብ ይታገስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ጋሼ፣ እኔም... ሰባት ሚኒባስ አለኝ። ከዘይት ቆርቆሮ። አልጋ ሥር ነው።»

«ማን አየልህ?»

«ማንም። ቀን ሲነዳ ውሎ ማታ ደግሞ ይሠራል፣ ሚኒባስ አልጠግብ ያለ ሹፌር ይሉኛል ብዬ።»

አቶ ያለው ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፤ ጥሩ ቀልድ ነው። ከዚያ ግን እንዲህ አልሁት፦ «ይሳቁ። ሳቁ አንድ ቀን ነው፤ መደበቁ ግን ዕድሜ ይበላል። በሮቻቸው ይከፈታሉ?»

«የጎን በራቸው ይንሸራተታል።»

«ይንሸራተታል! አምጣቸው እንጂ!»

አምስተኛ። ሃያ አራተኛ ቤት አለ፤ አልጋዬ ራስጌ ነው። የአባታችን ቤት ነው። አምስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት፤ እንቢ አለ። ልኩን እንዳልተሳሳትሁ አውቃለሁ። ስምንት ዓመት ሲሆነኝ፣ ሙያ ልማር ከአንድ አናጢ ጋር ወደ ብቸና በመጣሁበት ዋዜማ፣ እንዳልረሳው ብዬ ቤታችንን በክንዴ ለክቼዋለሁ። ከግድግዳ ግድግዳ አሥራ ስድስት፤ በሩ አራት። ቁጥሩን እንደ ዳዊት ደግሜዋለሁ። ግን ከሌሎቹ ጋር ሳቆመው የጌታ አዳራሽ ይመስላል፤ ወፍጮ ቤቱ ከጎኑ ኩይሳ ይሆናል። አባታችን ድሃ ገበሬ ነበር። ስሕተቱ የት እንደ ሆነ የሚያውቅ፣ ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ አባታችንን እየጦረ የኖረው ይርሳው ብቻ ነው።

እዚህ ስደርስ ሀይማኖት ሳታስፈቅደኝ ስልኳን አወጣች። ኔትወርኩ ሁለት ጊዜ ቆረጠ፤ በሦስተኛው አነሣው። ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገችው።

«አጎቴ፣ ሀይማኖት ነኝ፣ ከብቸና።»

«ሞተ እንዴ?»

«አልሞተም፤ ኑዛዜ ላይ ነው። የአያቴን ቤት ሠርቶ... አልሆን ብሎታል። በጣም ይገዝፋል።»

ከበስተጀርባው ዶሮ ይሰማል።

«በሩን ስንት አደረገው?»

«አራት ጣት። አራት ክንድ ነበር ይላል።»

«በማን ክንድ?»

«በራሱ። ከቤት ሲወጣ ለክቶት ነው።»

«እኮ! የስምንት ዓመት ልጅ ክንድ ነዋ እሱ!» አለ። «ሦስት በይው። ግድግዳውንም አሥራ ሁለት። አባታችን ጎንበስ ብሎ ነበር የሚገባ።»

ስልኩ ተቋረጠ። ኔትወርኩ ይሁን እሱ አላወቅንም። መልሳ ብትደውል አልተነሣም።

ልኩን አገኘሁ፤ የሚቆርጥ እጅ ግን የለኝም። እንኳን ቢላ ብዕሩም እየከበደኝ ነው። ስለዚህ ሃያ አራተኛው ቤት፣ ከትንሹ ቢላና ከትንሹ መሮ ጋር፣ ለወንድሜ ለይርሳው ወልደ ሰንበት ይሰጥ። ይህ አንቀጽ ሞቴን አይጠብቅም። ይርሳው፣ ስፋቱን አጥብበው፤ በሩን አሳጥረው። ስትጨርስ ያን ጊዜ ላመጣህላት ልጅ ስጣት፤ አሁን ሠላሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ትቀበልሃለች። «ይቅር በለኝ» የሚለውን በማታው ትምህርት አልደረስንበትም ነበር፤ አሁን መምህርቴን ጠይቄ ጻፍሁት፦ ይቅር በለኝ።

ያን በር ቀጥ ብዬ እገባበት የነበረ በር ነው እያልሁ ኖርሁ። አባቴ ጎንበስ ማለቱን አላስተዋልሁም።

ከዚህ በፊት የተናዘዝሁት ቢኖር፣ አፌን ሞልቼ የተናገርሁት ሁሉ ጭምር፣ በዚህ ተሽሯል። ለምስክሮቹ አንብቤላቸዋለሁ፤ ሁለት ቦታ ላይ መምህርት ትህትና ተቀብላ አንብባልኛለች። ፊርማዬ ይህ ነው፤ በስሜ እንጂ በጣቴ አይደለም።

ጓዴ ወልደ ሰንበት

ሲናዘዙ አይተናል፣ ሲያነቡም ሰምተናል፦

መምህርት ትህትና። ሦስተኛ ያልሁት ተሳስቼ ነው፤ አንደኛ ነበሩ።

አቶ ያለው፣ የእድር ጸሐፊ።

እማሆይ ወለተ ገብርኤል። መስቀል አድርጌያለሁ።

ይታገስ፣ ሹፌር። መንገዱ የተከፈተ ዕለት ሃያ አራተኛውን ቤት ሞጣ አደርሳለሁ። ጣሪያ ላይ አልጭነውም። ከጎኔ ባለው ወንበር ላይ ይቀመጣል፤ ሰው አልጭንበትም።