ፈተናው እስኪያልቅ

ሰኔ 18 ቀን 1998፣ እሑድ

ስድስት ቀን ቀረ። ቅዳሜ ጠዋት የማስረጃ ሕግ፣ ከሰዓት በኋላ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት። ካለፍኩ አምስት ዓመት በርቀት የተማርኩት ትምህርት ያልቃል። ያልተፈተነ ግን የሚመጣውን ሰኔ ይጠብቃል። ከዩኒቨርሲቲው የመጣው ደብዳቤ እንደዚያ ይላል፣ በደማቅ ጽሕፈት።

ዛሬ የጥናት ፕሮግራም አወጣሁ። በማስመሪያ ተሰመረ፣ በሁለት ቀለም ተጻፈ፣ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። ያምራል። ማውጣቱ ግማሽ ቀን ስለፈጀ የዛሬውን ንባብ ወደ ነገ ማዛወር ግድ ሆነ። ፕሮግራሙ በተለጠፈ በሩብ ሰዓት ፈረሰ።

ዝናብ። ጣሪያው አልጋዬ ላይ ያንጠባጥባል። አልጋውን ገፋሁት። አሁን ሞጁሎቹ ላይ ያንጠባጥባል።

አከራዬ እትዬ አማከለች በመስኮት፦ «በቀን መብራት የሚያበራ ሰው ምን ዓይነት ዳኛ ይወጣዋል?»

አጠፋሁ።


ሰኔ 19፣ ሰኞ

ተአምር ታየ። ጠዋት ሥራ ገባሁ። የፍርድ ቤቱ መዝገብ ቤት ውስጥ ነው የምሠራው፣ የሰውን ጠብ በቁጥር እየደረደርኩ። ገና ካፖርቴን ሳላወልቅ አለቃዬ ብቅ አሉ።

«አረጋሽ፣ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ሂጂ ቤትሽ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። እስከ ሰኞ እንዳላይሽ።»

ይህን ፈቃድ የጠየቅሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነበር። «የሥራ ጫና ስላለ» ተብሎ ተከለከለ። የመከልከያውን ደብዳቤ ቁጥር ሰጥቼ ፋይል ያደረግሁትም እኔው ነኝ። መሥሪያ ቤት በገዛ እጁ ሐሳቡን ሲለውጥ አይቼ አላውቅም... ምን ነካቸው?

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንድሜ ፍሬው ከተፍ አለ። ቤተሰቦቼ ከሞላሌ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው የሚኖሩት። ፍሬው እዚህ መሐል ሜዳ ከተከራየሁ ወዲህ የመጣው አንድ ጊዜ ነው፣ ያውም መኪና አምልጦት።

«ምን እግር ጣለህ?»

«ጨው ልገዛ።»

«ሞላሌ ጨው ጠፋ?»

«የዚህ ይሻላል ብለው ነው።»

ጢሙ አድጓል። በሶ አምጥቶልኛል፣ አንድ ከረጢት ሙሉ። አባዬስ አልኩት። «ደኅና ነው። ሁሉም ደኅና ናቸው።» ሁሉንም ገና አልጠየቅሁትም ነበር። ከዚያ አንድ ሰዓት ሙሉ ተቀምጦ ስለ ዝናብ አወራኝ። ፍሬው ማለት «እንዴት ዋላችሁ» ብሎ ለሳምንት የሚያርፍ ሰው ነው።

ጨው ሳይገዛ ሄደ።


ሰኔ 20፣ ማክሰኞ

ሰው ሞቶብኛል።

ልጻፈው። ከጻፍኩት ምናልባት ሞኝነቱ ይታየኝ ይሆናል ብዬ ነበር። አልታየኝም።

ጠዋት ዳቦ ልገዛ ወጣሁ። ዳቦ ሻጯ ኮስተር ያለች ሴት ናት፣ መልስ እንኳ ስትሰጥ እንደ ስድብ ነው የምትሰጠው። ዛሬ እጄን ያዘችና «እግዜር ያጽናሽ» አለች። ጎረቤቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት። «...ለፈተናው» ብላ ጨረሰችው። ዳቦ ጨመረችልኝ። አንድ ሙሉ ዳቦ! ይህቺ ሴት?

ስመለስ እትዬ አማከለች ጋ የተሰበሰቡት ሴቶች በአንድ ጊዜ ዝም አሉ። ከዚያ ሁሉም በአንድ ላይ ስለ ሽሮ ማውራት ጀመሩ።

የአለቃዬ ፈቃድ። የፍሬው ጢም። ዳቦው። ሞጁል ሁለት፣ ምዕራፍ አራት፦ የአካባቢ ማስረጃ። እያንዳንዱ ብቻውን ምንም አያስረዳም፣ ሲደመር ግን...

ሥራውን አውቀዋለሁ። ተማሪ ፈተና ላይ ሳለ መርዶ አይነገረውም፣ ይቆይለታል። እኔም ሠርቼዋለሁ። አምና የጥበቃችን የማሙሽ እናት ስታርፍ የማሙሽ ልጅ ማትሪክ ላይ ነበር። አያቱ መሞቷን እንዳይሰማ አራት ቀን እየተፈራረቅን ሻይ ጋበዝነው፣ ቀልድ ነገርነው። ከሁሉም በላይ የቀለድኩት እኔ ነበርኩ። ልጁ ዐይን ዐይኔን ያየኝ ነበር። ያኔ ቀልዱ ገብቶት መስሎኝ።

ብጠይቅ ይነግሩኛል። እትዬ አማከለች አንድ ጊዜ ጠንከር ብላ የጠየቀቻቸውን አይዋሹም። ግን ከነገሩኝ ዛሬውኑ እሄዳለሁ። ከሄድኩ ቅዳሜ የለም። የሞተው አይነሣም፣ እኔ ግን አንድ ዓመት እጠብቃለሁ...

ይህን ዓረፍተ ነገር የጻፈችው እኔ ነኝ። ልሰርዘው ብዬ ተውኩት።

ባልጠይቅስ? እስክጠይቅ ድረስ ማንም አልሞተም።

ዝርዝር፦ አባዬ። እማዬ። እማማ አያልነሽ፣ የአባዬ እናት። እህቴ ኮከቤ። ፍሬው፣ እሱ ትናንት መጥቷል። ተሰረዘ።


ሰኔ 21፣ ረቡዕ፣ ማርያም

ኮከቤ መጣች። ተሰረዘች። በሩን ከፍቼ ሳያት በደስታ ልጮህ ነበር፣ ያዝኩት።

ፊቷ በሻርፕ ተጠቅልሏል፣ ከግንባር እስከ አገጭ።

«ምን ሆነሽ?»

«ጥርሴን ነው ባክሽ። መርፌ ልወጋ ነው የመጣሁት።»

«ሻርፑን ፍቺውና ልየው።»

«ብርድ ይገባዋል!»

እማዬ የላከችውን ገብስ ቆሎ አወጣች። ተቀምጠን ስንጨዋወት ግማሹን እሷው ቆረጠመችው፣ ከታመመው ጥርስ ጋር። ከጆሮዋ ሥር ሻርፑ ሸርተት ሲል ጉንጯ ላይ ጭረት አየሁ። ፊቷን ነጭታለች። ፀጉሯም የለም፣ ሻርፑ ጭንቅላቷ ላይ እንደ ቅል ላይ ነው የተኛው። ለሩቅ ዘመድ እንዲህ አይኮንም።

«እማዬ ለምን አልመጣችም?»

«ሥራ በዝቶባት... ራሷ ናት የቆላችልሽ።»

የስሚ ስሚ ማስረጃ ነው፣ ተቀባይነት የለውም። ቆሎውን ግን ቀመስኩት። አሯል። እናቴ ዕድሜ ልኳን አንድም ቀን ሳታሳርር ቆልታ አታውቅም፣ ኮከቤ ደግሞ አንድም ቀን አሳርራ አታውቅም። አንድ እፍኝ ጎረስኩ። ስትሄድ ሁለት እጄ ሙሉ ያረረ ገብስ ይዤ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ።

እማዬ አለች። በእርሳስ ሰረዝኳት።

ግን ካለች ለምን አልመጣችም? እናቴ እኔን ለማየት ጭቃ የሚያስቀራት ሴት አይደለችም። ከቤት የማትወጣው... ባል የሞተባት ሴት ናት ከቤት የማትወጣው።

ወይም ሥራ በዝቶባታል።


ሰኔ 22፣ ሐሙስ

ሁለት ስም ቀረ።

የማስረዳት ሸክም የሚለውን ምዕራፍ ዐሥራ አንድ ጊዜ ጀመርኩት።

እትዬ አማከለች በየሰዓቱ ይገባሉ። ሽሮ፣ ሻይ፣ እንደገና ሽሮ። ዛሬ በጠራራ ቀን መብራቴ በርቶ አዩና «ደግ አደረግሽ፣ ዐይንሽን» አሉኝ። ሰው መሞቱ እስካሁን ያልተረጋገጠ ከነበረ በዚህ ተረጋገጠ።

«እትዬ፣ ከሞላሌ ወሬ አለ?» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ አመለጠኝ።

ትሪውን እንደያዙ ቆሙ። አየኋቸው፣ አዩኝ። አንድ ቃል ብጨምር ኖሮ አልቆ ነበር።

«ዝናቡን ማለቴ ነው።»

«እ... ዝናብማ! ሞላሌ ዝናብ ሞልቷል!» አሉና ሽሮውን ሳያስቀምጡ ይዘውት ወጡ።

አሁን ደግሞ ይህን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ወደ ማታ የማርያም ሥዕል ፊት ቆምኩ። «እመቤቴ፣ እማማ አያልነሽ ይሁኑ» አልኩ። ዘጠና ሊሞላቸው ነው፣ ጠግበዋል፣ ቆርበዋል አልኩ። ምክንያት ደረደርኩላት፣ እንደ ጠበቃ። በአንቀልባ አዝለው ያሳደጉኝን ሴት ገድዬ አባቴን ለማትረፍ ተከራከርኩ።

ጥሩ ተከራከርኩ። እሱ ነው የሚያስፈራኝ።


ሰኔ 23፣ ዓርብ

አራት ሰዓት ላይ የግቢው በር ተንኳኳ። እትዬ አማከለች «በስመ አብ!» ሲሉ ሰማሁ። ወጣሁ።

እማማ አያልነሽ። በፍሬው ክንድ ተደግፈው፣ መቋሚያቸው ጭቃ ውስጥ ተሰክቶ። በጭነት መኪና ጋቢና ነው የመጡት። በሕይወታቸው መኪና ላይ ሲወጡ ሦስተኛቸው ነው።

ቆሜ ቀረሁ። ሮጬ መሳም ነበረብኝ። ምን ያህል ጊዜ እንደቆምኩ አላውቅም... እሳቸው ግን አዩኝ።

ገብተው አልጋዬ ላይ ተቀመጡ፣ ቀጥ ብለው። ከመነኮሱ ወዲህ ቆብ ያደርጋሉ፣ ነጭ ይለብሳሉ። ሐዘን በእሳቸው ላይ ምልክት የሚያደርግበት ቦታ የለውም። ፍሬውን «ውጣ አንተ፣ ሂድ ጨውህን ግዛ» አሉት።

«ነገ ስንት ሰዓት ነው?»

«ሁለት ሰዓት ተኩል።»

«ምኑን ነው የሚጠይቁሽ?»

«ምስክር እንዴት እንደሚሰማ።»

«በይ ጮክ ብለሽ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላቸው። ድምፄ ባልጠበቅሁት ሁኔታ ጸና። ሳምንቱን ሙሉ ያልገባኝ ምዕራፍ ለእሳቸው ስል እያስረዳሁ ገባኝ። ምስክር በዐይኑ ያየውን፣ በጆሮው የሰማውን ይናገራል አልኳቸው።

«አይቶ ዝም ያለስ?»

«መጥሪያ ይላክለታል።»

«መጥቶም ዝም ቢል?»

«ይቀጣል።»

ትንሽ አሰቡ። «አዬ፣ እንግዲያው አገሩ በሙሉ ሊታሰር ነው» አሉ።

ሁለታችንም ሞጁሉን አየን። እሳቸው ማንበብ አይችሉም፣ እኔም አልቻልኩም። ከዚያ «ቀጥይ» አሉኝ። ቀጠልኩ። ሁለት ሰዓት ያህል አነበብኩ። ልጃቸውን የቀበሩ እናት ፊት፣ ልጃቸው ደግሞ አባቴ ነው፣ ስለ ማስረጃ አነበብኩ። አንድም እንባ የለም፣ ከእሳቸውም ከእኔም።

ሲነሡ መቋሚያቸውን ይዘው «ነገ እንዳትቸኩይ» አሉ። ሌላ ምንም።

ዝርዝሩን ቀዳደድኩት።


ሰኔ 24፣ ቅዳሜ

ጨረስኩ። ሁለቱንም።

ጥያቄ ሦስት፣ ሃያ ነጥብ፦ የአካባቢ ማስረጃ ብቻውን ለፍርድ ይበቃልን? ከምሳሌ ጋር አብራሪ። የበግ ስርቆት ምሳሌ ሰጠሁ። የተሻለ ምሳሌ ነበረኝ።

ቤት ስደርስ ፍሬው የግቢው በር ላይ ቆሟል፣ ከኋላው የኮንትራት ላንድክሩዘር፣ ውስጡ አምስት ሰው።

«እማዬን ትንሽ አሟታል፣ ሄደን እንያት።»

«ምን አሟት?» አልኩ። ባልጠይቅ ይገባቸው ነበር።

«ጉንፋን።»

ለጉንፋን ስድስት ሰው። እሺ አልኩ። ነጠላዬን ልያዝ ብዬ ገብቼ ነው ይህን የምጽፈው። እትዬ አማከለች በር ላይ ቆመው ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። እያስነጠሳቸው ነው ብዬ ልለፍ።


ሰኔ 29፣ ሐሙስ፣ ቤት

ቅዳሜ ማታ ጎረቤት አሳደሩኝ። እሑድ ጎሕ ሲቀድ የነፍስ አባታችን አባ ገብረ አማኑኤል ከሽማግሌዎች ጋር ገቡ።

አስቤበት ነበር። ማወቄን አልናገርም፣ ይህን ያህል ለፍተውበታል ብዬ። እንዴት እንደምደነግጥ በመኪናው ውስጥ ሳወጣ ሳወርድ ነበር። መቼ እንደምጮህ፣ ነጠላዬን እንዴት እንደምጥል።

«ልጄ፣ አባትሽ ክንፈ ካረፈ ዐሥራ አንድ ቀኑ ነው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ያለውን የነገሩኝ ሰዎች ናቸው። ወድቄያለሁ አሉ። «አይደለም፣ ውሸት ነው» እያልኩ የአባን ቀሚስ ይዤ ነበር አሉ። ሁሉን አውቄ፣ ማስረጃው ተሟልቶ... ዐሥራ አንድ ቀን። ፕሮግራሜን በማስመሪያ ሳሰምር አባዬ አፈር ውስጥ ነበር።

ሦስት ቀን ነው የታመመው። ሐኪም ጋ ሳይደርስ ነው ያረፈው።

ሴቶቹ እያለቀሱም ረክተዋል። «አየሽ አደነጋገጧን? ምንም አልሰማችም ነበር!» ይባባላሉ። መሐል ሜዳ ከነነዋሪዋ ፈተናዋን አልፋለች። የእኔ ውጤት ገና ነው።

ኮከቤ ፀጉሬን ላጨችኝ። «ጥርስሽስ?» አልኳት። ሳቅ አመለጣት፣ ከዚያ ሁለታችንም አልቻልንም።

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ሳሳ። እማዬ ትንሽ ተኛች። ዳሱ ውስጥ እኔና እማማ አያልነሽ ብቻ ቀረን። ሣሩ ላይ ጎናቸው ተቀመጥኩ።

«ዓርብ ዕለት ታውቂ ነበር» አሉ። ጥያቄ አልነበረም።

«አውቅ ነበር።»

«በር ላይ እኔን ስታዪ ፊትሽ ጠፋ።»

ልዋሽ እችል ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ስዋሽ ነው የከረምኩት። ለእሳቸው ግን አልሆነልኝም።

«እማማ... እርስዎ እንዲሆኑ ለምኜ ነበር። እመቤቴን።»

እጃቸው መጥቶ የተላጨ ራሴ ላይ ዐረፈ።

«እኔስ ሦስቱን ቀን ምን የለመንኳት መሰለሽ?» አሉ።

ያን ጊዜ ማልቀስ ጀመሩ።